ስለ ፎረንሲክ ምርመራና ስለ ፖሊስ ሥልጠና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፍርድ ቤት ዜና የሚከታተል ሰው ይህን አባባል በቃሉ ያውቀዋል። «የፎረንሲክ ምርመራ ውጤት ስላልደረሰን ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን።» መርማሪው ይጠይቃል። ጠበቃው ይቃወማል። ዳኛው ወይ ይፈቅዳል፣ ወይ ቀኑን ያሳጥራል። ተጠርጣሪው ወደ ማረፊያ ቤት ይመለሳል። የተበዳይ ቤተሰብም እንደመጣ ይሄዳል።

ከዚያ አባባል ጀርባ ምን እንዳለ ለማስረዳት ነው ይህን የጻፍኩት። ጥያቄዎቹን ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከጓደኛ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። የማምነውን ከመጀመሪያው ልናገር። ፎረንሲክ የሚሻሻለው ከማሽኑ በፊት ቦታው ላይ ቀድሞ በሚደርሰው ፖሊስ ነው።

ፎረንሲክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሳይንስን ለፍትሕ ሥራ ማዋል ነው። ድሮ ፖሊሶች «ቴክኒክ ምርመራ» ይሉት ነበር፤ አሁንም እንዲያ የሚሉት አሉ። የጣት አሻራ፣ ዲኤንኤ፣ የጥይትና የቀለሃ ምርመራ፣ የመርዝና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ የሰነድና የፊርማ ምርመራ፣ የአስከሬን ምርመራ፣ የስልክና የኮምፒውተር ምርመራ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ። አስከሬን የሚመረምረው ሐኪም ነው። የቀረውን አብዛኛውን ኬሚስቶች፣ ባዮሎጂስቶችና በሙያው የሠለጠኑ ፖሊሶች ይሠሩታል።

እኔ ወንጀል ውስጥ የለሁበትም። ምን ያገባኛል?

ዐረብ አገር ለመሄድ ወይም ለቪዛ ብለው «ከወንጀል ነፃ» ማስረጃ አውጥተው ያውቃሉ? እንግዲያው ፎረንሲክን በጣትዎ አውቀውታል። አሻራው በቀለም በሚወሰድበት ጊዜ አሥሩም ጣት ቀለም ይነካል። አንድ በአንድ ካርዱ ላይ ይንከባለላል። ከዚያ ጣትዎን በሶፍት እየጠረጉ ይወጣሉ፤ ቀለሙ ግን ጥፍር ሥር ሁለት ቀን ይቆያል።

ሌላም አለ። የቤት ካርታ ተጭበርብሮ ተሸጠ ሲባል፣ ቼክ ላይ «ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም» ሲባል፣ ውክልናው ሐሰተኛ ነው ሲባል የሰነድ መርማሪ ይጠራል። የአባትነት ክርክር ሲነሳ ዲኤንኤ ይጠየቃል። ገበሬው በሬው በመርዝ ሞተብኝ ሲል፣ ነጋዴው ሐሰተኛ ብር ተቀበልኩ ሲል፣ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ላብራቶሪ ይደርሳል። የግድያ ጉዳይ ዜና ላይ ስለሚወጣ ነው እንጂ የሰነድ ክርክር የሚነካው ሰው ጥቂት አይደለም።

ዘመናዊ ላብራቶሪ ከተገዛ ችግሩ አይፈታም?

ይህን ጥያቄ የምሰማው ከሁሉም በላይ ነው። መልሴ «አይፈታም» ነው። ምክንያቱን በአንድ የዓይኔ ምስክርነት ላስረዳ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሱቅ ሌሊት ተሰብሮ አደረ። ጠዋት ስደርስ ባለሱቁ የጎደለውን ዕቃ ይቆጥራል። ጎረቤት ገብቷል። ልጆች ገብተዋል። እኔም ገባሁ፣ ያኔ ምንም አላውቅም። በሩ የተፈለቀቀበት ፌሮ መሬት ላይ ወድቋል። መጀመሪያ የመጣው ወጣት ፖሊስ በባዶ እጁ አነሳው። ገለበጠው፣ አየው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። የተሰበረው መስታወት ጫፍ ላይ ትንሽ የደረቀ ደም ነበር። ባለሱቁ ሰው እንዳይቆረጥ ብሎ ጠርጎ ጣለው። ከሰዓት በኋላ አሻራ የሚያነሱት ባለሙያዎች መጡ። ያገኙት የእኛን የሁላችንን አሻራ ነው።

ያ ወጣት ፖሊስ ቅን ልጅ ነበር። ሮጦ ነው የመጣው። ማንም አላሳየውም እንጂ ቢያውቅ ፌሮውን አይነካውም ነበር። የሌባው አሻራ ፌሮው ላይ፣ ደሙ መስታወቱ ላይ ነበር። በዓለም ላይ ያለ ውድ ማሽን ቢመጣ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? ላብራቶሪ የሚመረምረው የደረሰውን ብቻ ነው። የጠፋውን ፈልጎ አያመጣም።

ቦታው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ፖሊስ ምን መሠልጠን አለበት?

መጀመሪያ ሰው። የቆሰለ ካለ ሕይወት ማዳን ይቀድማል። አምቡላንስ ሊያስገባ ሲል ማስረጃ ቢረበሽ ግድ የለም፤ ምን እንደተነካና ማን እንደነካው ብቻ ይጻፍ።

ቀጥሎ መክበብ። ገመዱ ከሚመስለው በላይ ሰፋ ብሎ ይዘርጋ፤ ሰፊውን ማጥበብ ይቻላል፣ የተረገጠውን ግን መመለስ አይቻልም። መግቢያው አንድ ይሁን። አንድ ሰው ደብተር ይዞ በር ላይ ይቁም። ማን ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ተብሎ ይመዝገብ። አለቃም ቢሆን ይመዝገብ። እንዲያውም ከባዱ ይህ ነው። አዛዡ ሲመጣ ገመዱን አንስቶ «ይግቡ ጌታዬ» ማለት ልማድ ሆኗል። ሥልጠናው ኮንስታብሉን ብቻ ሳይሆን አዛዡንም ይመለከታል የምለው ለዚህ ነው። አለቃው ውጭ ቆሞ ሪፖርት ከተቀበለ ሠራተኛው ሁሉ ይማራል።

ከዚያ ፎቶ። ምንም ነገር ከመነሳቱ በፊት ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀት፣ ከቅርብ። በቅርብ ሲነሳ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። ማስመሪያ የሌለው የጫማ ዱካ ፎቶ ቁጥሩ 38 ይሁን 43 አይታወቅም።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዝናብ እየመጣ ባለሙያው ገና መንገድ ላይ ነው። ዱካው ላይ ሳፋ መድፋት ይበቃል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያሳየው ይበቃዋል።

ሥልጠናው ራሱ እንዴት ይሰጥ ለሚለው፣ በስላይድ ብቻ መሆን የለበትም። ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የክልል ማሠልጠኛዎች አንድ ክፍል እንደ ቤት አዘጋጅተው «እዚህ ወንጀል ተፈጽሟል፣ ግባ» ማለት ይችላሉ። ሠልጣኙ ሲገባ ይቀረጻል። ሲወጣ የረገጠውንና የነካውን ራሱ ያየዋል። ሰው ራሱን ሲሳሳት ያየበትን ትምህርት አይረሳም። ከዚያ በየዓመቱ መከለስ አለበት። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ሳምንት የሠለጠነ ሰው «ሠልጥኗል» ተብሎ መቆጠር የለበትም።

ማስረጃን በፌስታል መያዝ ምን ችግር አለው?

እርጥብ ነገር በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። ሻጋታና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይበሉታል። ስለዚህ ደም የነካው ልብስ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ ይታሸጋል። እያንዳንዱ ልብስ ለብቻው ይያዛል። የተጠርጣሪውና የተበዳይዋ ልብስ አንድ ላይ ከተጠቀለለ ጉዳዩ እዚያው ተበላሽቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏል የሚል ጠበቃ ትክክል ነው።

ጓንትም ይቀየር። በአንድ ጓንት አምስት ዕቃ ያነሳ መርማሪ ራሱን እንጂ ማስረጃውን አልጠበቀም። ካኪ ፖስታ፣ ጓንት፣ ማሸጊያ፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ። እነዚህ በእያንዳንዱ ጣቢያ ቢኖሩ ከአንድ ትልቅ መሣሪያ ይልቅ የሚያድኑት ጉዳይ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ።

«የማስረጃ ሰንሰለት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አንድ ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ከተነሳበት ደቂቃ እስከ ችሎት ድረስ በማን እጅ እንደነበር የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ማን አነሳ፣ ለማን አስረከበ፣ በምን ቀንና ሰዓት፣ እሽጉ እንዴት ነበር። መሐል ላይ አንድ ቀን ከጎደለ «በዚያ ቀን ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። የጣቢያው ኤግዚቢት ክፍል ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። መልሱ «በብዙ ሰው» ከሆነ ሰንሰለቱ እዚያው ላልቷል።

ውጤቱ ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከሩቅ ወረዳ የተነሳ ናሙና ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መምጣት አለበት። ባለሙያው ጥቂት ነው። መመርመሪያ ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ካለቀ ማሽኑ እያለ ሥራ ይቆማል። ኬሚካሉ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ካልተነሳ ይበላሻል። ማሽን ሲበላሽ ጠጋኙ ከውጭ ይመጣል። ማሽን ሲገዛ የጥገናና የኬሚካል በጀት አብሮ ካልተያዘ ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ አቧራ ይጠጣል።

ብዙ የማይነገርለት ምክንያት ደግሞ ከመርማሪው በኩል ይመጣል። ምን እንደሚፈልግ ሳይለይ ያገኘውን ሁሉ ይልካል። ሃያ ዕቃ ይልካል፤ ከሃያው ሦስቱ ብቻ ጥያቄውን ይመልሱ ነበር። መርማሪው ከመላኩ በፊት ላብራቶሪው ደውሎ «ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፣ የትኛውን ልላክ?» ቢል ወረፋው ያጥራል።

የጊዜው ነገር የሰው ነፃነት ጉዳይ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጥም ለምርመራው ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። ላብራቶሪው ወረፋ ስለበዛበት ሰው ሲታሰር የሚከፍለው ያልተፈረደበት ሰው ነው። ዳኛው «ናሙናው መቼ ተላከ? መቼ ይደርሳል ተባለ? ደብዳቤው የታለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ላብራቶሪውም ለእያንዳንዱ ናሙና የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ መስጠት አለበት። የእስረኛ ጉዳይ ከወረፋው ፊት ይቅደም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካም ሳይመረመሩ የተከማቹ ናሙናዎች ችግር አለባት። ኮንግረሱ በሟቹ የጆርጂያ ሴናተር በፖል ከቨርዴል ስም በተሰየመ ፕሮግራም ለግዛቶች ላብራቶሪዎች ገንዘብ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ወረፋ ለመቀነስም፣ ባለሙያ ለማሠልጠንም ይውላል።

ሳይንስ እኮ አይሳሳትም፣ አይደል?

ይሳሳታል። ሳይንሱን የሚሠራው ሰው ነውና።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰው አለቀ። ፈንጂ ማቀጣጠያዎች የነበሩበት ፌስታል ተገኘ። ፌስታሉ ላይ አሻራ ነበር። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አሻራውን በኮምፒውተር ፈለገ። ብራንደን ሜይፊልድ የሚባል የኦሪገን ጠበቃ ስም ወጣ። አንድ ባለሙያ «የእሱ ነው» አለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም አዎ አሉ። ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያ እንኳ አዎ አለ። ሰውዬው ሙስሊም ነበር። ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን «አይመስለንም» እያለ ቆየ፤ በመጨረሻም አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አገኘ። ሜይፊልድ ከሁለት ሳምንት እስር በኋላ ተለቀቀ። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀው፣ 2 ሚሊዮን ዶላርም ካሠ።

አራት ባለሙያ እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል? ሁለተኛው የመጀመሪያውን መልስ እያወቀ ስለተመለከተ ነው። መልሱን የሰማ ዓይን መልሱን ይፈልጋል። እኛም ብንሆን ያው ነን።

ሌላው የፀጉር ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ፀጉርን በማይክሮስኮፕ እያዩ ይመሰክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ማጣሪያ፣ ምስክርነቱ ተከሳሹን የሚጎዳ ከነበረባቸው 268 ችሎቶች በ257ቱ ባለሙያው ሳይንሱ ከሚፈቅደው በላይ ተናግሮ ተገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ከዲኤንኤ በስተቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በእርግጠኝነት ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ ጥናት የተረጋገጠለት ዘዴ የለም ብሎ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዲት የላብራቶሪ ኬሚስት ናሙናዎችን ሳትመረምር «መርምሬያለሁ» እያለች ትፈርም ነበር። ፍጥነቷ ያስመሰግናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ተያዘች። በ2017 ከ21 ሺህ በላይ የአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ተሰረዙ። ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ልጁን አጥቶ ይሆን ብዬ አስባለሁ። አለቆቿ «ከሌሎቹ ይህን ያህል የምትፈጥነው እንዴት ነው?» ብለው በጊዜ ቢጠይቁ ኖሮ።

ታዲያ ስህተትን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቅ ይመርምር። አሻራ የሚያየው ሰው «ተጠርጣሪው አምኗል» የሚል ወሬ አይነገረው። ለሥራው አያስፈልገውም።

ባለሙያው ይፈተን። መልሱ የታወቀ ናሙና ከእውነተኛ ጉዳይ ጋር ተደባልቆ፣ እሱ ሳያውቅ ይሰጠው። የአሜሪካዋ የሂዩስተን ከተማ ይህን ታደርጋለች። ታሪኩም ትምህርት አለው። የከተማዋ ፖሊስ ላብራቶሪ የዲኤንኤ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 በጥራት ጉድለት ተዘጋ። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ፣ በ2014፣ ላብራቶሪው ከፖሊስ ወጥቶ ራሱን ለቻለ ተቋም ተሰጠ።

ላብራቶሪው የላብራቶሪን ብቃት በሚለካው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይኤስኦ 17025፣ ይመዘን። እኛ አገር ይህን የመመዘን ሥራ ያለው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት አለ። ምዘናው ወረቀት ለማግኘት ብቻ ከሆነ ግን ጥቅም የለውም። ከላይ ያነሳሁት የከቨርዴል ፕሮግራም አንድ ጥሩ ግዴታ አለው። ገንዘብ የሚወስድ ላብራቶሪ ከባድ ቸልተኝነት ወይም ማጭበርበር ተፈጸመ የሚል አቤቱታ ሲመጣ የሚያጣራ የውጭ ገለልተኛ አካል መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት የምገለብጠው ይህን ነው።

የሪፖርቱ ቋንቋም ይታይ። «ቀለሃው ከዚህ ሽጉጥ የተተኮሰ ነው» እና «የቀለሃው ምልክት ከዚህ ሽጉጥ ምልክት ጋር ይመሳሰላል» እጅግ የተለያዩ ናቸው። ባለሙያው የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ እንዲጽፍ መሠልጠን አለበት። «መወሰን አልተቻለም» የሚል መልስ ሲሰጥም አለቃው ሊቆጣው አይገባም።

ፎረንሲክ የሚጠቅመው ከሳሽን ነው ወይስ ተከሳሽን?

እውነቱን ነው የሚጠቅመው። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተያዘ። አንዱን ግድያ አመነ። የሌስተሩ ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ ዲኤንኤን ለመለያነት የመጠቀምን ዘዴ ያገኘው በ1984 ነበር። ፖሊስ ናሙናውን ወሰደለት። ውጤቱ የሁለቱም ገዳይ አንድ ሰው መሆኑን አሳየ። ልጁ ግን አልነበረም። ዲኤንኤ ለወንጀል ምርመራ ሲውል መጀመሪያ ያደረገው ንጹሕ ሰው ማስፈታት ነው። እውነተኛው ገዳይ በኋላ ተይዞ በ1988 ተፈረደበት።

ልጁ ያልሠራውን ለምን አመነ? ሰው ሲጨነቅ፣ ሲደክም፣ ሲፈራ ያምናል። የእኛ ሕገ መንግሥት ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ጥሩ ፎረንሲክ ይህን አንቀጽ ሥጋ ያለብሰዋል። አሻራና ደም የያዘ መርማሪ የሰው ቃል ላይ ሙጭጭ ማለት አያስፈልገውም። የፖሊስ ሥልጠና ላይ የሚወጣ ብር የእስረኛ መብት ላይ የወጣ ብር ነው የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ምን ማድረግ አለባት?

ከሁሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና መከላከያውም እንዲሁ ጊዜ አለው።

ለማስረጃው ሲባል ከተቻለ ከምርመራ በፊት አለመታጠብ፣ ልብስ አለመቀየር ይመከራል። ከተቀየረም ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይምጣ። ታጥባ ከሆነ ግን አትሸማቀቅ፣ አትቅርም። መታጠብ የማንኛዋም ሴት የመጀመሪያ ስሜት ነው፤ ከታጠበች በኋላም ሊገኝ የሚችል ማስረጃ አለ። አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል አለ። ታሪኳን በአራት ቢሮ አራት ጊዜ እንዳትናገር ነው የተሠራው። ምርመራው በፈቃዷ ነው፤ ሕጉም እንዲህ ይላል። ሕፃን ከሆነች የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠየቃል።

ለመርማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። እህታችን ጣቢያ ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ከሆነ ሁለተኛ አትመጣም። ማስረጃውም አብሯት ይሄዳል።

ፖሊስ ስልክ ሲይዝ ከፍቶ ማየት ይችላል?

በሙያው ዓይን ሲታይ ማድረግ የሌለበት ነገር ነው። ስልክ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ይለወጣል። ቴሌግራም ይከፈታል፣ መልእክት «ታይቷል» ይላል፣ ሰዓት ይመዘገባል። ጠበቃው «ማን ጻፈው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ ስልኩን ከኔትወርክ ለይቶ፣ አሽጎ፣ ለባለሙያ መስጠት ነው። ባለሙያው ቅጂ ያነሳና ቅጂው ላይ ይሠራል። ቅጂው ከዋናው አለመለየቱን የሚያረጋግጥ የቁጥር አሻራም ይመዘግባል። ከኔትወርክ ካልተለየ ደግሞ ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል።

አገራችን በዚህ ሥራ ልምድ አላት?

አላት፣ ያውም በሐዘን የተማረችው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የቀይ ሽብር የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሠርቷል። ቡድኑ በአገሩ ወታደራዊ መንግሥት የሰወራቸውን ሰዎች አፅም ሲፈልግ የተቋቋመ ነበር። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የጎበኘ ሰው በመስታወት ውስጥ አፅሙንና ልብሱን አይቷል። አፅምን በጥንቃቄ ማንሳት ሙያ ነው። በአካፋ የተቆፈረ መቃብር ማን ከማን እንደሆነ አይለይም።

ሁለተኛው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ሟቾቹ ከ30 በላይ አገር ዜጎች ነበሩ። ቤተሰቦች የሚቀብሩት አልነበረም። ከቦታው የተነሳ የተቃጠለ አፈር በከረጢት ተሰጣቸው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የገቡት የሬሳ ሣጥኖች ባዶ ነበሩ። ከዚያ ኢንተርፖልና የውጭ ባለሙያዎች ከፌዴራል ፖሊስ ጋር ሆነው የቤተሰብ ዲኤንኤ ሰብስበው ማመሳሰል ጀመሩ። ወራት ፈጀ። በመስከረም 2012 ሁሉም ተለይተዋል ተባለ። ለአንዲት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። እኔ የምጠይቀው ያን ጊዜ አብረው የሠሩት ልጆቻችን ያገኙት ዕውቀት ዛሬ ለተተኪው እየተላለፈ ነው ወይ የሚለውን ነው።

ሕዝቡ የፖሊስን የፎረንሲክ ውጤት ለምን ይጠራጠራል?

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ በራሳቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጥፍተዋል አለ። ብዙ ሰው አልተቀበለም፤ እስከ ዛሬም የሚከራከር አለ። እኔ የማን መልስ ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ አልቀመጥም። የምለው ሌላ ነው። ውጤቱ በጋዜጣዊ መግለጫ ብቻ ሲነገር፣ መርማሪውም፣ ላብራቶሪውም፣ ተናጋሪውም አንድ ተቋም ሲሆን ሰው መጠራጠሩ አይገርምም። ላብራቶሪው ከምርመራው እዝ ተለይቶ ራሱን ቢችል፣ ዝርዝር ሪፖርቱ ለቤተሰብና ለችሎት ቢሰጥ፣ ተከሳሽም በራሱ ባለሙያ የማስመርመር ዕድል ቢኖረው ክርክሩ ከወሬ ወደ ሰነድ ይመጣ ነበር።

ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግስ መሠልጠን አለባቸው?

በጣም። «ባለሙያው ብሏል» ተብሎ ሪፖርት ሳይጠየቅ ከታለፈ ከላይ ያነሳናቸው ስህተቶች ሁሉ ፍርድ ይሆናሉ። ለዳኛ ኬሚስትሪ ማስተማር አያስፈልግም። ባለሙያውን አራት ነገር መጠየቅ ይበቃዋል። ዘዴው በምን ተረጋግጧል? ስንት ጊዜ ይሳሳታል? ሌላ ሰው ሳያውቅ አጣርቶታል? ናሙናው እስኪደርስህ የት ነበር? ተከላካይ ጠበቆችም እዚሁ ሥልጠና ላይ ይቀመጡ። እነሱን የዘለለ ሥልጠና ጎዶሎ ነው።

ልጄ ፎረንሲክ መማር ትፈልጋለች። ምን ልምከራት?

ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ኮምፒውተር ላይ ትጠንክር። ስታቲስቲክስን አትሽሽ፤ ሪፖርት ሁሉ በመጨረሻ የዕድል ስሌት ነው። ጽሑፍ ትለማመድ፣ ሥራው ግማሹ መጻፍ ነው። ፊልም ላይ እንደሚታየው ውጤት በአንድ ሰዓት አይወጣም። ትዕግሥት ካላት ግን አገሪቱ በጣም ትፈልጋታለች።

ነገ ጠዋት ቤቴ ተሰብሮ ባገኘው ምን ላድርግ?

አይግቡ። ሌባው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ወደ ፖሊስ ይደውሉ፣ በ991። ጎረቤት እንዳይገባ በሩ ላይ ይቁሙ፤ ቅር ቢላቸውም ግድ የለም። የተሰበረ መስታወት አይጥረጉ። የወደቀ መሣሪያ አያንሱ። ግድ ገብተው የነካኩት ካለ አይደብቁ፤ «ይህን መዝጊያ ነክቻለሁ» ይበሉ፣ የእርስዎን አሻራ ለይተው ያወጡታል። ዝናብ ከመጣና ግቢው ውስጥ ዱካ ካለ ሳፋ ይድፉበት። ፖሊሱ ሲመጣም በትሕትና «ጓንት ይዘሃል ወንድሜ?» ብለው ይጠይቁት።